የጥቁር ድንጋይ ዓሦች

ፍቅር በዓይን ይገባል ይላሉ። መዝጋቢዋ ቤት ግን የገባው በጫማ ነው፤ ከውሃ ጋር።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለው አራተኛው የዓሣ ገንዳ ጥጉ ድንገት ተላቀቀና ውሃው ወለሉን ያጥለቀልቀው ጀመር። እሷ መስታወቱን በሁለት መዳፏና በአንድ ጉልበቷ ደግፋ «እማዬ! ሰው ጥሪ! ማንንም ጥሪ!» እያለች ትጮሃለች። እናቷ ከሟቹ ባሏ የስልክ ደብተር ውስጥ «መስታወት» የሚል ቁጥር አግኝታ ደወለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ረጅም፣ ፀጉሩን ያላበጠረ ሰው በሩ ላይ ብቅ አለ። ጫማው ውሃ ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ አያትና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ጮኸባት።

«እጅሽን አንሺ!»

«ካነሳሁ ይፈርሳል!»

«ካላነሳሽ ከነእጅሽ ይፈርሳል! ልቀቂው አልኩሽ እኮ!»

«ዓሦቼስ?»

«ባልዲ የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ባልዲ እያለሽ በጉልበት ምን ያታግልሻል?»

ቀና ብላ አየችው። ልክ ነበር። የባሰው ደግሞ ልክ መሆኑን የሚያውቅ ዓይነት ፊት ነበረው። ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሳቀ። ለሷ ገና አልገባትም እንጂ ነገሩ ያኔውኑ አልቆለት ነበር።

መደርደሪያው እንዲነቃነቅ አጠገቡ ያለው አምስተኛው ገንዳም መራገፍ ነበረበት። ሁለት ሰማያዊ ባልዲ አቀረበች። ባለመስታወቱ መረቡን ሲያነሳ ጣቷን ቀሰረችበት።

«ስማ! አንዲት ዓሣ ከዚህ ባልዲ ወደዚያ ብትሻገር አንተን አያድርገኝ! እነዚህ የጥቁር ድንጋይ ናቸው። እነዚያ የሦስት ደሴት።»

«የጥቁር ድንጋይ...» አለ። መረቡ እጁ ላይ ቀረ።

«አዎ። ምነው?»

«ምንም።»

እዚህ ላይ ጥቂት ነገር ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ሲክሊድ የሚባሉት እነዚህ ዓሦች ምንጫቸው አንድ ሩቅና ትልቅ ሐይቅ ነው። መዝጋቢዋ ሐይቁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ዓሦቿም አላዩትም፤ እነሱም አያቶቻቸውም የተወለዱት መስታወት ውስጥ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹ ከየትኛው ዳርቻ እንደተያዙ በየገንዳው ወረቀት ላይ ተጽፎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ጥቁር ድንጋይ ከሚባለው ዳርቻ የመጡት ወንዶች ጥርት ያሉ ሰማያዊ ናቸው። የሦስት ደሴቶቹ የጀርባ ክንፋቸው ጠርዝ ቢጫ ነው። ሴቶቹ ግን የሁለቱም አመድማ ናቸው፤ ከፈጣሪ በቀር ለይቶ የሚያውቃቸው የለም። ሁለቱ ከተገናኙ ይዋለዳሉ፤ ልጆቹም ያምራሉ። አርቢዎች ዘንድ ግን ይህ ትልቅ ነውር ነው። ወረቀቱ ከዋሸ ማንም የያዘውን አያውቅም።

እሷ ደግሞ በወረቀት ቀልድ አታውቅም። የተፈለፈለውን፣ የሞተውን፣ ከገንዳ ገንዳ የተዛወረውን ሁሉ ከነቀኑ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ሰው ሁሉ «መዝጋቢዋ» የሚላት ለዚህ ነው፤ የገዛ እናቷ ሳትቀር።

ገንዳው ተጠገነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ባለመስታወቱ ሳይጠራ መጣ።

«ጥጉ ጋ ትንሽ ያዣል መሰለኝ። ልየው ብዬ ነው።»

አየው። ሲሊኮን የሚባለውን ማጣበቂያ ቀባው። ሲሊኮን ደግሞ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት፤ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እሷ ደብተሯን ገልጣ «ገንዳ ቁጥር 4፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠገነ» ብላ ጻፈች። ከዚያ «ለሦስተኛ ጊዜ» ብላ ጻፈች። ከዚያ «ለአራተኛ ጊዜ»። በአምስተኛው እናቷን አላስችል አላት።

«ይሄ ገንዳ እኮ ከኔ ጉልበት የበለጠ ታከመ!»

ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ያወራሉ። እሱ መስታወት በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆረጥ አስተማራት፤ እሷ ዓሦቹን አንድ በአንድ አስተዋወቀችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አመድማ ሴት ዓሣ ላይ ዓይኑ ቀረ።

«ይቺ ምን ሆና ነው ጉንጯ ያበጠው? ጥርሷን አሟት ነው?»

«ልጆቿ ናቸው! እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አትቀምስም።»

«ቢርባትስ?»

«ከበላች ትውጣቸዋለቻ።»

ዓይኑን ከዓሣዋ ሳያነሳ «ይገባኛል» አለ።

«ምኑ ነው የሚገባህ?»

«አፍን መዝጋት።»

ሳቀችበት። በስድስተኛው ጊዜ ግን አፉን ከፈተ። ገንዳው ሥር ተንበርክኮ፣ ጣቱ ሲሊኮን እንደነካው፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እኔ ነገር ማሳመር አላውቅበትም። እንጋባ።»

«እንዲህ ድንገት?!»

«ድንገት አይደለም። ሦስት ወር ሆኖኛል።»

ደስታዋን የምትደብቅበት አጣች።

«ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እመልስልሃለሁ» አለች። መልሱማ ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያውም በትልቁ።

ኤግዚቢሽኑ የዓሣ አርቢዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር የአባቷ ታላቅ ወንድም ነበሩ። «የጥቁር ድንጋይ የመጨረሻው ንጹሕ ዘር ያለው በወንድሜ ቤት ብቻ ነው» እያሉ ለሰሚው ሁሉ ይናገራሉ። አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ዓሦቹ በስሙ ለማኅበሩ አባላት ሊከፋፈሉ ነው፤ ስሙ በየቤቱ ሊለጠፍ።

አሥር ቀን ሲቀረው፣ የምታሳያቸውን ወንዶች የአራተኛው ገንዳ ልጆች ካሉበት ከዘጠነኛው ገንዳ ስትመርጥ፣ መረቧ ላይ አንዱ ተገላበጠ። የጀርባ ክንፉ ጠርዝ ቢጫ ነበር።

ሌላ አወጣች። ቢጫ። ሌላ... ቢጫ።

ዓይኗ ላይ የመጡት ሁለቱ ሰማያዊ ባልዲዎች ናቸው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ዘር በአንድ ጠዋት ጥድፊያ ተበላሸ! ስልኳን አንስታ ጠራችው። እየሮጠ መጣ።

«ባልዲዎቹን ቀላቅለሃል?»

ሦስቱን ዓሦች አየ። እሷን አየ። ፊቱ ሲገረጣ ታያት።

«ተናገር እንጂ! ቀላቅለሃል ወይ?»

«...አዎ። እኔ ነኝ።»

«አስጠንቅቄህ አልነበረም?»

«አስጠንቅቀሽኛል።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ እየተመላለስክ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ 'እንጋባ' እያልክ... ውጣ! ውጣልኝ!»

የሲሊኮን መቀቢያውን አንስቶ ወጣ። እሷ በሩን ከኋላው ወርውራ ዘጋችውና ከገንዳዎቹ መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷ የልጇን ራስ እየዳሰሰች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልጄ» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረችም።

እናት ያለችው አልቀረም። በሦስተኛው ቀን መዝጋቢዋ ጥፋቱን ልታሰፍር ደብተሯን ገለጠች። ስሙን ልትጽፍ ብዕሯን እንዳነሳች ዓይኗ የዘጠነኛው ገንዳ ገጽ ላይ አረፈ። ቢጫዎቹ የተፈለፈሉት ከአሥራ አንድ ወር በፊት ነው። ገንዳው ያፈሰሰው ደግሞ ከሦስት ወር በፊት! ባለመስታወቱ ባልዲዎቹን ከመንካቱ ስምንት ወር አስቀድሞ ዓሦቹ ተወልደዋል። መዝጋቢዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሯን ሳታይ ፈርዳ ነበር፤ ያውም በሚወዳት ሰው ላይ።

ጫማዋን በቅጡ ሳታስር ወርክሾፑ ደረሰች። ባለመስታወቱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሯል።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

ደነገጠ። «ምኑን?»

«ዓሦቹ የተወለዱት አንተ ሳትመጣ ነው! አንተ አይደለህም። ለምን 'እኔ ነኝ' አልክ?»

«ተዪው በቃ። በኔ ይለፍ።»

«ምኑ ነው በአንተ የሚያልፈው?»

«ቃል አለብኝ።»

«ለማን?»

ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ድንጋይ ቢሆን ይሻል ነበር። ንዴቷን የምታሳርፍበት አጥታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መስታወት ስታይ፣ ጥጉ ላይ በመቁረጫው ጫፍ የተጫረ ትንሽ ጽሑፍ አየች። ቀን ነው። አጠገቡ ያለውም አለው። ሁሉም አላቸው።

«የቆረጥከው ሁሉ ላይ ቀን ትጽፋለህ?»

«ልማድ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አልሰማችውም። ቤቷ ሮጣ ተመለሰች። አባቷ ከትልቁ መደርደሪያ ጀርባ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው አንድ የገንዳ መከለያ መስታወት ነበር፤ «አትንኪው፣ ይቆርጥሻል» ይላት ነበር። ጨርቁን ፈታችው። ጥጉ ላይ ቀን ተጭሯል፤ ከሰባት ዓመት በፊት፣ እሷ ሌላ ከተማ ለትምህርት ሄዳ ሳለች። የአባቷን አሮጌ ደብተር አውጥታ ያን ሳምንት ፈለገች። በደብተሩ ሙሉ ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ያ ብቻ ነበር።

አባቷ ደግሞ እያንዳንዱን የጥቁር ድንጋይ ጫጩት አራት ወር ሲሞላው ራሱ ይለቅም ነበር። «ይሄን ለኔ ተዪልኝ» እያለ። ቢጫ ጠርዝ የሚያወጣውን ቀድሞ ያነሳ እንደነበር አሁን ገባት። የዘጠነኛው ገንዳ ዓሦች እሱ ከሞተ በኋላ ማንም ሳይለቅማቸው ያደጉ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

መስታወቱን ታቅፋ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ባለመስታወቱ ዓይኑን ጨፈነ።

«አባቴ ነው እንዴ?»

«እኔ አልነገርኩሽም።»

«አልነገርከኝም። መስታወትህ ነገረኝ። አሁን አንተ ጨርስልኝ።»

ወንበር ሳበላት። ራሱ ግን ቆመ።

«የመጨረሻዋ የጥቁር ድንጋይ ሴት ሞተችባቸው። ወንዶች ብቻ ቀሩ። ስመጣ አባትሽ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ከሦስት ደሴት አንዲት ሴት ሊያስገቡላቸው ነው፤ ወንዱ እንዳይገድላት 'መከለያ ቁረጥልኝ' አሉኝ። ቆረጥኩ። ከዚያ 'ሆድ ይፍጀው በለኝ' አሉኝ። 'ልጄ ከትንሽነቷ ጀምራ ስታያቸው ያደገች ናት። ስትመለስ የሉም ብዬ አልነግራትም' አሉ። ቃሌን ሰጠሁ።»

«ለኔ ብሎ?» ድምጿ ተሰበረ።

«ለአንቺ ብለው።»

«አንተም ለኔ ብለህ!» ብድግ አለች። እንባዋና ንዴቷ ተቀላቅሏል። «ሁለታችሁም ለኔ ብላችሁ ዋሻችሁ! ከሁለት አንዳችሁ እኔን ጠይቃችሁኛል? እንደዚያች ዓሣ አፍህን ዘግተህ ሰባት ዓመት! እሷ እንኳ በሦስት ሳምንቷ ትተፋቸዋለች!»

ሳቅ አምልጦት ወዲያው ዋጠው። እሷም ልትስቅ ነበር፤ እምቢ አለችው። ክንዱን ግን ያዘችው። አልለቀቀችውም።

በማግሥቱ አጎቷ የታተሙ ወረቀቶች ይዘው መጡ። «ጥቁር ድንጋይ» ይላል በደማቁ፤ ከሥሩ የአባቷ ስም። ሁሉንም ነገረቻቸው። አጎቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን ደጋግመው ወለወሉ። ከዚያ መላ መጣላቸው።

«ያ መስታወት ቆራጭ ባልዲ ቀላቀልኩ ብሏል አይደል? ራሱ አምኗል። እንግዲህ የእሱ ጥፋት ነው። ዘጠነኛውን ገንዳ ብቻ አበላሸ፤ ሌላው ንጹሕ ነው ብለን እንናገራለን።»

«ጋሼ! የአርቢዎቹን ገንዳ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ያስገባዋል?»

«እሱ ሌላ ሥራ ያገኛል። ወንድሜ ሌላ ስም አያገኝም። ሙት ወቃሽ አትሁኚ!»

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሳች። አጎቷን እንዲህ አድርጋ ተናግራቸው አታውቅም።

«ሙት ወቃሽ ከምሆን ሕያው አስወቃሽ ልሁን? አባቴን እወደዋለሁ። ስለምወደው የሠራውን በስሙ እጠራዋለሁ። በሰው ጀርባ ላይ ግን አልጭነውም!»

«እንግዲህ እኔን አጎቴ አትበዪኝ።»

«እርስዎ ይወቁ። ለኔ አጎቴ ነዎት።»

የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ በገንዳ ተሞልቷል። ማጣሪያው ይንዶቀዶቃል፤ ሰው ይንጫጫል። አጎቷ ማይክሮፎን ይዘው «የወንድሜ ቅርስ» ብለው ጀመሩ። መዝጋቢዋ ከገንዳዋ አጠገብ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከበሩ በኩል ረጅም፣ ዛሬ ፀጉሩን ያበጠረ ሰው ሕዝቡን እየገፋ ሲመጣ አየች። ወዴት እንደሚሄድ ገባት። ሊናገር ነው! ጥፋቱን በሕዝብ ፊት ሊወስድላት!

«ይቅርታ» አለ ባለመስታወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ስለነዚህ ዓሦች አንድ ነገር አለ። እኔ ነኝ...»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸች፤ አዳራሹ ሁሉ ዞረ። «ሰባት ዓመት ዝም ያልክ ሰው ዛሬ ምን አናገረህ?!»

እሷ ገንዳው ላይ የተለጠፈውን ደማቅ ወረቀት ይዛ ሳበችው። ቀርርር ብሎ ተላጠ።

«ይህ ወረቀት ውሸት ነው» አለች። «ከሰባት ዓመት በፊት የጥቁር ድንጋይ ሴቶች አልቀዋል። አባቴ ወንዶቹን ከሦስት ደሴት ሴት ጋር አዳቀላቸው፤ ወረቀቱን ግን አልቀየረም። አባቴ ነው። ሌላ ማንም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከኛ ቤት የወሰዳችሁት ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ድቅል ነው። ወረቀታችሁን አንሱት።»

አዳራሹ ፈላ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ተታለልን!» አለ አንዱ።

«አዎ፣ ተታልላችኋል። እኔም አብሬያችሁ። ተቆጡ፤ መብታችሁ ነው።»

አጎቷ ማይክሮፎኑ እጃቸው ላይ እንዳለ «ከማኅበሩ ተሰርዘሻል!» ብለው ጮኹ።

«ሰርዙኝ። ምክንያቱን ግን በትክክል ጻፉት።»

ከኪሷ የራሷን ወረቀት አውጥታ ለጠፈች። «ድቅል። አባት ከጥቁር ድንጋይ፣ እናት ከሦስት ደሴት። የተወለዱበት ቦታ፦ ቤታችን።» ገና መዳፏን ሳታነሳ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ አርቢ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እኔም ቤት ስምንት አሉኝ። መጣል አንጀቴ አይችልም። እንዴት ብለሽ ነው የጻፍሽው? ልገልብጠው።»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

እሷና ባለመስታወቱ ገንዳውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ውሃው እየተንጠባጠበ ጫማቸው ራሰ። ቦታው ላይ ካሳረፉት በኋላ ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ለኔ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት የለም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አፍህ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ አሁኑኑ ትፋው!»

ጭንቅላቱን አከከ። ወደ አራተኛው ገንዳ አየ። ጆሮው ቀላ።

«...አንድ ቀርቷል።»

«ምን?»

«ገንዳው የዳነው በመጀመሪያው ቀን ነው።»

«ምን አልክ?»

«ከዚያ በኋላ ጠብታም አላፈሰሰም።»

እናቷ ከጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። «እኔማ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር!»

መዝጋቢዋ አልሳቀችም። ኮስተር ብላ ደብተሯን አወጣች፤ ብዕሯንም። ባለመስታወቱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። የገንዳ ቁጥር አራትን ገጽ ገልጣ «ለሁለተኛ ጊዜ ተጠገነ» የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችና ከላዩ «ሊያየኝ መጣ» ብላ አረመችው። ሦስተኛውንም ሰረዘች፤ «ሊያየኝ መጣ»። አራተኛውንም። አምስተኛውንም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ «ሊያየኝ መጣ። እንጋባ አለኝ» ብላ ጻፈች። ከጎኑ «እሺ» አለችና የዛሬውን ቀን አሰፈረችበት።